ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት

የደም ግፊት አለብኝ፤ ከቡራዩ አዲስ አበባ የምመላለስ የሚኒባስ ሹፌርም ነኝ። ሁለቱ አይስማሙም። አንድ ቀን ሐኪሜ ቀኑን ሙሉ የልብ ምት የሚቀዳ መሣሪያ ደረቴ ላይ ለጠፈችና "እንደ ወትሮዎ ይሥሩ" አለችኝ። በማግስቱ ረፋድ ላይ የአካባቢው ወጣቶች አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት በሚያሰፋው ማስተር ፕላን ተቆጥተው መንገዱን በድንጋይ ዘጉት። ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ሄደ። እኔ መሪውን ይዤ ስበሳጭ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ኦቦ ቶሎሳ፣ ከአጥራቸው ብቅ ብለው "አካም" አሉኝ። ስለ ቤቴ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ መኪናዬ ጎማ ሳይቀር ደህንነቱን ጠየቁ። ሰላምታው ሳያልቅ ደጃቸው ተቀምጬ ቆሏቸውን መቆርጠም ጀምሬያለሁ። ለካ እርሻቸው ፕላኑ ውስጥ ገብቷል። "አንቱ አይጨነቁም?" አልኳቸው። "እጨነቃለሁ እንጂ። እንግዳ ፊት ግን አልጨነቅም" አሉኝ።

መሣሪያውን ስመልስ ሐኪሟ የተቀዳውን አይታ ግራ ገባት። "ጤነኛ ልብ እንደ ሰዓት እኩል እኩል አይመታም፤ ሲያርፍ ፈጠን ዘግየት ይላል። የእርስዎ ቀኑን ሙሉ እንደ ማሽን ነው፤ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ አምሮበታል። ምን ወስደው ነው?" አለችኝ። "ምንም አልወሰድኩም፤ መንገድ ተዘግቶ ነበር" አልኳት። ሳቀች።

መንገዱ ከተከፈተ ቆየ። እኔ ግን አምስት ሰዓት ሲሆን ኦቦ ቶሎሳ ደጅ መኪናዬን አቆማለሁ። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም "አንዴ ታገሱኝ፣ መድኃኒቴን ልውሰድ" ብዬ እወርዳለሁ።