የጫማዋ ሴትዮ አሥራ ሁለተኛ መጽሐፍ

የተከበራችሁ ቤተሰቦቿ፣ ጎረቤቶቿ፣ ከውሃ መሥሪያ ቤት የመጣችሁ የቀድሞ ባልደረቦቿ፣ መጽሐፎቿን በብብታችሁ ይዛችሁ የቆማችሁ ወላጆች፣ ከሁሉ ፊት ደግሞ አንቺ ታናሽ እህቷ፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙ አይደለንም። እሷ ብታየን ግን "ይሄ ሁሉ ሰው ማንን ፈልጎ ነው?" ብላ ትሸሽ ነበር።

እህቷ ንግግር እንዳደርግ ስትጠይቀኝ "አሳጥረው" ብላኛለች። "እሷ ከሠላሳ ሁለት ገጽ የበለጠ ነገር አትወድም።" እሞክራለሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። አሥራ አንድ የልጆች መጻሕፍት ጽፋ፣ ሥዕላቸውን ራሷ ሥላ አውጥታለች። አሥራ ሁለተኛው አልወጣም። አይወጣም ያልኩት እኔ አርታኢዋ ነኝ። "ለልጆች በጣም ያሳዝናል፤ መጨረሻውን ቀይሪው" ብዬ የመለስኩባት እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ ስትታገል ቆይታ፣ ሳትቀይረው ሄደች። አሁን መጽሐፉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የአሳታሚ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ "ሌላ ሠዓሊ መጨረሻውን ያሳምርልን?" ብለው ጠይቀውኛል። መልስ ይጠብቃሉ። ዛሬ የቆምኩት ልሸኛት ብቻ አይደለም። ያን መልስ እሷ ባለችበት ልሰጥ ነው።

ማን ነበረች?

ቀን ቀን የውሃ ቧንቧ ካርታ ትስል ነበር። ከሥራ መልስ በተበላሸው ካርታ ጀርባ ላይ ልጆች ትስላለች። የመጀመሪያ መጽሐፏ ሰባት አሳታሚ ቤት ዞሮ፣ ከሰባቱም "ጥሩ ነው፣ ግን" ተብሎ ተመለሰ። ከ"ግን" ወዲያ ያለውን አንብባ አታውቅም። "ከዚያ በኋላ ያለው የራሳቸው ጉዳይ ነው" ትል ነበር። ስምንተኛው የእኛ ቤት ነበር።

እኔና እሷስ እንዴት ተዋወቅን? በእኔ ጥፋት። ያኔ ገጽ አቀናባሪ ነበርኩ። ሥዕሎቿ ደረሱኝ። አዋቂዎቹ በሙሉ ከወገባቸው በላይ የሉም። ጫማ አለ። ሱሪ አለ። የቀሚስ ጫፍ አለ። ራስ የለም። እኔ ምን አልኩ? ወረቀቱ ተቆርጧል አልኩ። ደግሞ ደግ ሰው ነኝ። ሥዕሉን ወደ ታች አውርጄ፣ በገዛ እጄ፣ ለአሥራ ዘጠኝ አዋቂዎች ደረትና ራስ ሠራሁላቸው። ለአንዱ ባርኔጣ ጨመርኩለት። ታተመ።

በማግስቱ መጥታ መጽሐፉን ፊቴ ዘረጋችው።

"ይሄ ሰውዬ ማን ነው?"

"አባትየው መሰለኝ።"

"ጢም ያበቀለው መቼ ነው?"

"ተቆርጦ መስሎኝ ነው፣ እህት ዓለም።"

"ተንበርከክ" አለችኝ።

ተንበረከክሁ። ቢሮ ሙሉ ሰው እያየ።

"አሁን ምን ይታይሃል?"

"ጫማሽ።"

"በል እንግዲህ" ብላኝ ሄደች።

ሁለተኛው እትም ያለ ራስ ወጣ። ልጆቹ "የጫማዋ ሴትዮ" አሏት። እኔንም ማተሚያ ክፍሉ እስከ ዛሬ "ራስ ቀጣይ" ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ሠራን።

ማን ነበረች? አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ወሰድኳት። ስልሳ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። መምህርቷ "አሁን ደራሲዋ ታጫውተናለች" አለች። ደራሲዋ ዝም። ልጆቹም ዝም። የሚያልበው እኔን ነው። በመጨረሻ አንዷ እጇን አወጣች።

"ትልልቆቹ ሰዎች ራስ የላቸውም እንዴ?"

"አላቸው" አለች። "ግን ሩቅ ነው።"

ስልሳውም ልጅ አንገቱን ነቀነቀ። ያልገባት መምህርቷ ብቻ ነበረች። ስንወጣ ደራሲዋ "ፈሩኝ አይደል?" አለችኝ። "እነሱስ አልፈሩም" አልኳት። እንዲህ ነበረች። ለልጆች መጻፍ ታውቃለች፤ ልጅ ማናገር ትፈራለች። ክፍሏ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛና አንድ ወንበር ነበር። እንግዳ ከመጣ እሱ ይቀመጣል፣ እሷ ትቆማለች። እንግዳውም ነገሩ ገብቶት ቶሎ ይሄዳል። ከሄደ በኋላ ደግሞ መስኮት ላይ ቆማ መንገዱን እስኪሻገር ታየዋለች። አውቃለሁ። ዞር ብዬ አይቻታለሁ። ግን አልተመለስኩም።

አሁን ወደ አሥራ ሁለተኛው ልምጣ።

አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት ትመለሳለች። አንገቷ ላይ ባለው ቁልፍ በሩን ትከፍታለች። ቤት ማንም የለም። ከቧንቧው ጋር ታወራለች፤ ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ እያለ ይመልስላታል። ደረጃው ላይ እርምጃ ትሰማለች። እርምጃው ይቀርባል። በሩ ጋ ሲደርስ ቀስ ይላል። ከዚያ ወደ ላይኛው ፎቅ ያልፋል።

"ከዚያስ?" አልኳት።

"አለቀ።"

"ምን ማለትሽ ነው? ሰው ይምጣላት እንጂ!"

"ማን ይምጣላት?"

"አባቷ ይምጣ።"

"አባቷ ሥራ ላይ ነው።"

"እስከዚህ የሚያቆይ ምን ዓይነት ሥራ ነው?"

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "እኔ ምን አውቃለሁ" አለች።

አልገባኝም ብል ደስ ባለኝ። ሰው ግን የማይፈልገው ነገር ሲገባው፣ ያልገባው መምሰል ይችላል። እኔ በዚህ ልምድ አለኝ።

ሰኞ ዕለት፣ ጠረጴዛዋ ላይ እንዳቀረቀረች፣ ልቧ ቆመ። ትናንት ጠዋት እህቷ የክፍሏን ቁልፍ ሰጠችኝ፤ ሥዕሎቹን እንድሰበስብ። ልጄ ልታግዘኝ አብራኝ መጣች። ጠረጴዛው ላይ አሥራ አራት የመጨረሻ ገጾች አገኘን። አሥራ አራቱም ላይ በሩ ተከፍቶ አንድ አባት ይገባል። አሥራ አራቱንም በእርሳስ ሠርዛ፣ ከሥር አስተያየት ጽፋለች። "ይሄ ደላላ ይመስላል።" "ይሄ ቤት ተሳስቶ ነው።" "ይሄ የመጣው ቆጣሪ ሊያነብ ነው።" ሳቅን። እዚያ ክፍል ውስጥ ሳቅን። የመጨረሻውን ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ። "ይሄኛው ጥሩ ነው። ግን አልመጣም" ይላል።

ልጄ ያቻት፤ ከዛፉ ሥር የቆመችው። እናቷ ያረፈችው እሷ ስድስት ዓመቷ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ ቁልፍ በክር አሥሬ አንገቷ ላይ አጠለቅሁላት። የሌላ ሰው ልጆች የሚያነቡትን ሳቀናብር፣ እሷ ብቻዋን ታመሻለች። እኛ ያኔ፣ ከዚያ ቤት ሳንለቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነበርን። ከእኛ በላይ ያለው ክፍል ሲለቀቅ ለጫማዋ ሴትዮ የጠቆምኳት እኔ ነኝ። ደረጃው አንድ ነው። በራችንን ሳታልፍ ቤቷ አትገባም።

ልጄ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እዚያ የቀረውን የመጽሐፉን ቅጂ አነበበችው።

"አባዬ" አለች። "ይቺ እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አልኳት። ይህን ቃል ከአፌ ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው።

"ለምን ከለከልካት?"

"ልጆችን ያሳዝናል ብዬ።"

"ልጆችን ነው ወይስ አንተን?"

የተሠረዙትን ገጾች መሰብሰብ ጀመርኩ።

"ያሳዝናል" አለች። "ግን ሰባት ዓመቴ ሳለ ይሄን ባገኝ ኖሮ፣ እንዲህ የሚሆነው የእኛ ቤት ብቻ አለመሆኑን አውቅ ነበር።"

እንግዲህ፣ የተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን፣ ከኋላ እንደቆሙ አይቻለሁ። መልሴ ይኸው። መጽሐፉ እንዳለ ይወጣል። አንድ መስመር አይነካም። ማንም አይመጣም፤ እርምጃው ያልፋል፤ ያልቃል። ካልተስማሙ ሌላ ሰው ይፈልጉ። ቀብር ላይ ሥራ መልቀቅ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ቢስማሙ ይሻላል።

እህት ዓለም።

ሃያ ስድስት ዓመት ስለ ቀለምና ስለ ወረቀት አወራን። ስለዚህች ልጅ አንድ ቀን አላወራን። እኔ አፍሬ፣ አንቺ ፈርተሽ። "አባቷ ይምጣ" ያልኩሽን አምነሽ በሥዕል አሥራ አራት ጊዜ ልታመጪኝ ሞከርሽ። ስላልመጣሁ ይቅር በዪኝ። ያ እርምጃ የማን እንደነበረ አሁን አውቃለሁ። በሩ ጋ ቀስ ብለሽ፣ ለማንኳኳት እጅሽን አንስተሽ፣ መልሰሽ ያወረድሽበት ቀን ስንት ይሆን?

አንድ የማታውቂው ነገር አለ። ትናንት ነው የሰማሁት፤ ልነግርሽ ይዤው መጣሁ። እርምጃሽ ከታች ሲሰማት፣ ልጄ ከቧንቧው ሥር ተነስታ በጣቷ ጫፍ እየሄደች ቁልፉን ታዞረው ነበር። ከበሩ ጀርባ ቆማ ትጠብቅሻለች። ስታልፊ መልሳ ትቆልፈዋለች። በማግስቱም እንዲሁ።

ማንኳኳት እንኳ አያስፈልግሽም ነበር። በሩ ክፍት ነበር።

ደህና ሁኚ።