ከፊቴ የሄደው ጎማ

በረዶ ሊጥል ነው ሲባል አሌክሳንድሪያ ጎማ ልቀይር ሄድኩ። ጎማ ቤቱን የያዙት ጋሽ ከበደ የኔን እያዩ፣ «ጥርሱ እኮ አልቋል! ይሄን ለበጋም ለብርድም የሚሆን ኦል ሲዝን ጎማ ውሰድ፤ በረዶ ላይ አያንሸራትትህም» አሉኝ። የአዲሱ ጎማ ጥርስ ልክ የዓሣ አጥንት ይመስላል። «ፋብሪካው ይሄን መሥራት አቁሟል፤ እነዚህ አራቱ ብቻ ቀሩኝ። ሌላ መኪና ላይ አታየውም» ሲሉኝ አስገጠምኩ።

ወደምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ስደርስ መንገዱ ነጭ ሆኗል፤ ከፊቴ የአንድ መኪና ዱካ ብቻ አለ። እሱን ተከትዬ ቀስ እያልኩ ነዳሁ። ስቶፕ ምልክት ላይ ቆሜ ዱካውን ሳየው የዓሣ አጥንት ነው። «አይ ጋሽ ከበደ! ለስንቱ ነው እንዲህ ብለው የሸጡት?» ብዬ ሳቅሁ።

ዱካው ግን እኔ የምታጠፍበት ታጠፈ። የኛ ሕንፃ ፓርኪንግ ገባ። የኔ መኪና ማቆሚያ ላይ ሲደርስ አለቀ። እመኑኝ፣ ቦታው ባዶ ነው፤ የወጣበት ዱካም የለም።

ሚስቴ ጋ ደወልኩ። ገና ሄሎ ከማለቴ፣ «ምነው፣ ከሻወር ውስጥ ሆነህ ትደውልልኛለህ እንዴ? ፎጣ ረስተህ ነው?» አለችኝ እየሳቀች።

ከኋላዋ ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል።