የመዝገቡ ጀርባ

ከሳንጃ ወደ አብርሃ ጅራ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከወጣት መምህር ጋር ይሟገታሉ።

“የገበሬ ማኅበራችን መሬት ሁሉ በአንድ ወፍራም መዝገብ ሰፍሮ ነበር፣ ልጄ።”

“ለየሰዉ ፋይል መክፈት ይሻላል፣ አባባ። በስም ፈልጎ ማውጣት ነው።”

“ከፈቱልን እኮ። አዲሱ ጸሐፊ መዝገቡን ገነጣጥሎ ወረቀቱን ለየፋይሉ አከፋፈለው።”

“ታዲያ ምን ጎደለ?”

“አንተ መምህር አይደለህም? አንድ ወረቀት ስንት ገጽ አለው?”

“ሁለት።”

“ፊቱ ላይ የጎረቤቴ መሬት ተጽፏል፤ ጀርባው ላይ የእኔ። ወረቀቱ የጎረቤቴ ፋይል ውስጥ ገባ።”

“ገልብጠው ይዩልኝ አይሉም?”

“ብያለሁ። ጸሐፊው የሰው ፋይል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይከፈትም አለኝ።”

“እንግዲያው ጎረቤትዎን ያስፈቅዷቸዋ።”

“ድንበሬን ገፍቶ ሰሊጥ የዘራብኝ እሱ እኮ ነው። ብከሰው ሸንጎው የመሬትህን ማስረጃ አምጣ አለኝ።”



“መዝገቡ ተመልሶ ቢሰፋስ?”

“ይህንኑ ብነግረው ጸሐፊው አድኃሪ አለኝ።”

እኔም በየኬላው የማሳየውን የይለፍ ወረቀቴን ከኪሴ አወጣሁና ገልብጬ ጀርባውን አየሁ።