አጎዛው ስር የነበረው መጽሐፍ

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ መጽሐፍ ያለው ሰው አገር ድረስ ተሄዶ ነው የሚነበበው። አንቺ አሁን ስልክሽን ነካ ነካ አድርገሽ «አባባ፣ ለከፍተኛ ሒሳብ ጥሩ ማጣቀሻ የትኛው ነው? በዛብኝ እኮ፣ የቱን ልያዝ?» ትይኛለሽ። በዛብኝ! እኔ አንድ ነበረኝ። አንድ፣ እሱም ጎዶሎ። እና በዚያ በአንዱ መጽሐፍ የሠራሁትን ሥራ ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ አያትሽም ነፍሷን ይማርና ሳትሰማው ሄደች። እስቲ ዛሬ ልንገርሽ።

ታዲያ በደርግ ጊዜ ነው፣ ቢቸና ሒሳብ አስተምራለሁ። አንድ ህንድ አስተማሪ ወደ አገሩ ሲገባ ትቶልኝ የሄደ መጽሐፍ አለኝ፣ ለፊዚክስ የሚያገለግል ከፍተኛ ሒሳብ፣ ይኸውልሽ እንዲህ ወፍራም። የብረት ዘንግ ጫፉን እሳት ውስጥ ብትከችው ሙቀቱ መቼ እጅሽ እንደሚደርስ፣ እሱን እንኳ በስሌት ያወጣልሻል። እና የቤት ለቤት አሰሳ መጣ ሲባል፣ ያኔ ወረቀት ሁሉ ያስፈራ ነበር፣ በጆንያ ጠቅልዬ ጓሮ ቀበርኩት። ክረምቱ አልፎ ሳወጣው ስፌቱ በስብሶ ከመሃሉ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ረግፏል። ሰባተኛው። ለእሱ ያለቀስኩትን ለዘመድ አላለቀስኩም።

ከዚያ ደብረ ማርቆስ ለመምህራን ስብሰባ ተጠራን፣ ጓድ እገሌ ይናገራል፣ ጓድ እገሌ ያጨበጭባል፣ እና አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በደብተሩ ጥግ ኢንተግራል ይሠራል! ታደለ ይባላል፣ ሞጣ ፊዚክስ የሚያስተምር፣ የቅኔ ቤት ልጅ ነው፣ ድቁናም አለው። ታዲያ በሹክሹክታ ስለ መጽሐፌ ነገርኩት፣ ጎዶሎነቱንም ነገርኩት።

«ሰባተኛው ነው የጎደለህ?» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔ እኮ እሱን ብቻ ነው ያለኝ! አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄጄ፣ መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍቱ አታወጣም ቢሉኝ እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ከምትከብደኝ ከሰባተኛዋ ጀምሬ ስገለብጥ፣ አንዷን ምዕራፍ እንደጨረስኩ ሥልጠናው አለቀ።»

«በል ቢቸና ና! ያንተን እኔ እገለብጣለሁ፣ የኔን አንተ ትገለብጣለህ» አልኩት። ሰማሽ? ና ያልኩት እኔ ነኝ።

ታዲያ ወር ሳይሞላ ማስታወቂያ ወጣ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት የሚሄድ መምህር በፈተና ይመረጣል፣ ሒሳብና ፊዚክስ፣ ከክፍለ ሀገሩ አንድ ሰው። አንድ! ልቤ ውስጥ ክፉ ነገር ገባ። ታደለ ከኔ ይበልጣል፣ አውቄዋለሁ፣ መጽሐፉን ካገኘማ አለቀልኝ አልኩ። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

እና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ ሳነብ፣ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከደጅ። ታደለ! ደነገጥኩና መጽሐፉን አጎዛው ስር፣ እዚያው የተቀመጥኩበት የበግ ቆዳ ስር ሸጎጥኩት። ገባ። ከሞጣ እስከ ደብረ ወርቅ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲህ በእግሩ ነው የመጣው፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ።

«ይኸው መጣሁልህ! መጽሐፉስ?»

«ውይ ታደለ» አልኩ፣ እንዲህ ጭንቅላቴን ይዤ፣ «ውይ ወንድሜን! ማርቆስ ያለ ሰው ተውሶኝ ሄደ፣ እስካሁን አልመለሰልኝም።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለና በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ሊቀመጥ ሲል፣ አያትሽ ከጓዳ ወጣች።

«ኧረ በሞቴ! ከሞጣ የመጣ እንግዳ በርጩማ ላይ? ምን ነካህ አንተ ሰው፣ ልቀቅለት እንጂ! ይምጡ፣ ወደ መደቡ፣ ወደ አጎዛው!»

«ግድ የለም እትዬ፣ እዚህ ይሻለኛል።»

እኔም «ተይው፣ እዚያ ይመቸዋል» አልኩ። እንግዳ ከመደቡ የሚከለክል ጎጃሜ አይተሽ ታውቂያለሽ? አየችኝ፣ እንዴት ብላ አየችኝ! እና ክንዱን ይዛ ወስዳ አስቀመጠችው። መጽሐፉ ላይ።

ታዲያ ያን የሚያህል መጽሐፍ በአንድ የበግ ቆዳ ይሸሸጋል? ትንሽ ተንፏቀቀ። እጁን ወደ ኋላ ሰደደ፣ ዳሰሰ፣ ጠርዙን ዳሰሰ። ከዚያ እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው፣ ቀና ብሎም አላየኝ። እንዳላፍር ብሎ እኮ ነው! አያትሽን «ወጥዎ እጅ ያስቆረጥማል እትዬ» ይላታል፣ ስለ ሞጣ ማር ያጫውታታል። እዚያው መደቡ ላይ ተነጥፎለት አደረ። ማለዳ «እንግዲህ ፈተናው ላይ እንገናኝ» ብሎኝ ሄደ።

እንደ ወጣ አጎዛውን ገለጥኩት። መጽሐፉ እንዳለ አለ። ግን ወፍሯል። ስከፍተው ከስድስተኛውና ከስምንተኛው ምዕራፍ መካከል አንድ ደብተር ገብቷል። ሰባተኛው ምዕራፍ ነው! በዚያ በዲያቆን እጁ፣ የቅዱሳን ስም በቀይ እንደሚጻፈው እሱም የቲዎረሞቹን ስም በቀይ ጽፎ። ከመጽሐፌ ግን አንዲት ገጽ አልገለበጠም።

ብሮጥ እደርስበት ነበር፣ ገና ከከተማው አልወጣም። አልሮጥኩም። ቁጭ ብዬ ደብተሩን አነበብኩ። ከውሸቱ ይልቅ ይህን ነው የማፍረው፣ ልጄ፣ ይህን ነው።

ታዲያ ፈተናው ላይ ትልቁ ጥያቄ ከሰባተኛው መጣ። እሱም ሠራው፣ እኔም ሠራሁት፣ በእሱ ደብተር። ሌላውን ጥያቄስ? ሌላውን እሱ ከየት ያምጣው? ሌላው እኔ ቤት አጎዛ ስር ነበራ! እኔ ሄድኩ፣ እሱ ሞጣ ቀረ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ግን እያደር ከበደ። እና ተምሬ ስመለስ፣ ያኔም ደርግ ነው፣ አንድ ሣጥን ሙሉ መጽሐፍ ይዤ በቀጥታ ሞጣ ወረድኩ፣ መንገድ ሙሉ የምለውን እያጠናሁ፣ «በድዬሃለሁ ታደለ፣ ይቅር በለኝ» እያልኩ። ወጥቶ አቀፈኝ፣ ሳመኝ፣ «ግባ፣ ወደ መደቡ» አለኝ። ልቀመጥ ስል «ቆይ» አለና አጎዛውን አነሣ፣ ደጅ አውጥቶ አራገፈው፣ መልሶ አነጠፈው።

«ተቀመጥ ወንድሜ፣» አለኝ፣ «ከስሩ ምንም የለም።»

— እና ይቅርታ አሉት፣ አባባ?

ምን እላለሁ! አፌን ከፈትኩ፣ ያ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። «ጥሩ አጎዛ ነው» አልኩት። ያን ሁሉ አገር ዞሬ፣ ያን ሁሉ ተምሬ፣ ከአፌ የወጣችው ቃል ይቺ ናት፣ «ጥሩ አጎዛ ነው»። ሳቂ፣ ግድ የለም፣ ሳቂ። እሱም ስቋል። ያልሳቅሁት እኔ ነኝ።