ስለ ጃፈር ሰማያዊ ቱታ የሰጠሁት ቃል

የምስክር ስም፦ ፀደንያ ተስፋሚካኤል
ዕድሜ፦ 17
ሥራ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ
አድራሻ፦ ደብረ ብርሃን ከተማ፣ ከመናኸሪያው በስተጀርባ
ጉዳዩ፦ የወጣት ጃፈር ዓወል አሟሟት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ ህዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 3፡10 ሰዓት
አብራ የቀረበች፦ እናቷ ወ/ሮ ደመቀች ኪዳነ ማርያም

ስለ ጃፈር ከመናገሬ በፊት ሕሊናዬን የሚከብደውን አንድ ጥፋት ማንም ሳያስገድደኝ አምናለሁ። ለእጥበት የሚመጡ መኪኖች ውስጥ እየገባሁ የሬዲዮ ጣቢያ እቀይር ነበር። ከመስከረም ወዲህ አርባ ያህል መኪና ዜና ከፍቶ ገብቶ ዘፈን ከፍቶ ወጥቷል። ሳጅኑ ይህ በሕግ እንደማያስጠይቅ ነግረውኝ ወደ ጉዳዩ እንድገባ አዘውኝ ነበር፤ ሬዲዮው ጉዳዩ ውስጥ ስላለ ግን እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፎልኛል።

ኅብረት የመኪና እጥበት የሚባለው ላቫጆ የአጎቴ የአቶ ገብረአማኑኤል ኪዳነ ማርያምና የሸሪካቸው የአቶ ኢስሀቅ ነው። አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አቶ ኢስሀቅ ከአልዩ አምባ መጥተው እዚህ ከተማ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁለቱም መኪና የላቸውም፣ መንዳትም አይችሉም። የላቫጆውን ስም ለመምረጥ ሦስት ቀን ተከራክረዋል፤ ውሃ ለማስገባት የፈጀው አንድ ቀን ነው። መኪና የሚያጥበው ጃፈር ነበር። የአቶ ኢስሀቅ የእህት ልጅ ሲሆን ዕድሜው 22 ነበር። እኔ ከትምህርት በፊትና በኋላ የመኪኖቹን ውስጥ እጠርጋለሁ፣ መስታወት እወለውላለሁ። ጃፈር ሁለቱን ሽማግሌዎች «ቦርዱ» ይላቸው ነበር። «ቦርዱ ተሰብስቧል» ካለ በርሜሉ እሳት ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ድሮ እያወሩ ነው ማለት ነው።

መስከረም 20 ቀን የላቫጆውን የመድን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ። ሁለቱም መነጽራቸውን ቤት ረስተው ነበር። ሆኖም አጎቴ ሠላሳ ዓመት የሰው ጽሕፈት ሲያርሙ ስለኖሩ ያለ መነጽርም ፊደሌን አርመዋል። የሠራተኞች ብዛት የሚለው ጋ ስደርስ ሁለት ብዬ ልጽፍ ነበር። የመድን ድርጅቱ ሰው ቀደም ብሎ፣ ሠራተኛ ካለ የሠራተኛ ጉዳት መድን ለብቻው እንደሚገባ፣ ሦስተኛ ወገን የሚባለው ግን ደንበኛንና መንገደኛን ብቻ እንደሚመለከት አስረድቶ፣ ቦታውን ፎቶ ሊያነሳ ወጥቶ ነበር። አጎቴ «ዜሮ ብለሽ ጻፊ፤ ዘመድ ሠራተኛ አይባልም» አሉኝ። አቶ ኢስሀቅም የእህት ልጅ እንዴት ይቀጠራል ብለው ደገፏቸው። ዜሮ ጻፍኩ። አጎቴ ክቡ አልተገጣጠመም ብለው በድጋሚ አስጻፉኝ። ለጃፈር ስነግረው «አንቺና እኔ ተደምረን ዜሮ ነን በያ» ብሎ ሳቀ።

በዚያው ሳምንት ለሁለታችን ሰማያዊ ቱታ አሰፉልን። ጀርባው ላይ በነጭ ኅብረት የመኪና እጥበት የሚል አለው። የኔ እግሩ አራት ጊዜ ይታጠፋል። የጃፈር ልክ ነበር።

ረቡዕ ህዳር 10 ቀን ከጠዋቱ 1፡20 ሰዓት ገደማ ላቫጆው ደረስኩ። ውርጩ ከባድ ስለነበር ጃፈር ቧንቧው ላይ ሙቅ ውሃ እያፈሰሰ በረዶውን ያቀልጥ ነበር። ቦርዱ ተሰብስቧል። አጎቴ የዛሬው ብርድ ብርድ እንዳልሆነ፣ በእሳቸው ወጣትነት ውሃ ከባልዲ ሲደፋ መሬት ሳይደርስ በረዶ ይሆን እንደነበር ይናገሩ ነበር። አቶ ኢስሀቅ ደግሞ ቆላ ተወልደው ያንን ብርድ አብረው የቀመሱ ይመስል ይመሰክሩላቸው ነበር። እሳቱ ሲደክም አጎቴ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው አንድ እንጨት አንስተው በርሜሉ ውስጥ ጨመሩ። ትንሽ ቆይቶ አቶ ኢስሀቅ ሁለተኛውን አቀበሏቸው። እንጨቶቹ ታኮዎቹ ነበሩ። ታኮ የምንለው ሥሩ እንዲታጠብ ዘንበል ያለው መወጣጫ ላይ የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት ከጎማው ኋላ የሚደረገውን የባሕር ዛፍ ጉማጅ ነው። ላቫጆው ያለው ታኮ ሁለት ብቻ ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አልተናገርኩም። ኋላ ታኮ ሲፈልጉ እንዴት እንደሚከራከሩ ለማየት ፈልጌ ሳቄን አፍኜ ቀረሁ።

1፡35 ገደማ ከአንኮበር የመጣ ሚኒባስ ገባ። ሹፌሩ መወጣጫው ላይ አውጥቶ ካቆመ በኋላ ለአጎቴ የእጅ ፍሬኑ እንደማይዝ፣ ታኮ እንዲደረግለት ነግሯቸው ሻይ ሊጠጣ ሄደ። አጎቴ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «ጃፈር፣ ታኮ» አሉ። ጃፈር ፈለገ፣ አጣ። ከቧንቧው ሥር እርጥብ ድንጋይ አምጥቶ ከኋላ ጎማው አስደገፈ። ከዚያ ጭቃ የሚፍቅበትን ብረት ይዞ በኋላው በኩል ከሚኒባሱ ሥር በጀርባው ተኛ። እኔ ጎን ላይ የቆመ ሌላ ታክሲ ውስጥ ገብቼ ሬዲዮውን ወደ ዘፈን አዞርኩ፣ ድምፁንም ከፍ አደረግኩ። ጃፈር ጠርቶኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ቀና ስል ሚኒባሱ ወደ ኋላ ሄዷል። ከመወጣጫው ወርዶ የኋላ ጎማው ደረቱ ላይ ነበር።

እኔና የሻይ ቤቱ ሰዎች ሚኒባሱን ወደ ፊት ገፋነው። ባጃጅ ልጠራ ወደ መንገዱ ሮጥኩ። ስመለስ አጎቴና አቶ ኢስሀቅ በሁለት ወገን ተንበርክከው የጃፈርን ቱታ ያወልቁ ነበር። አዝራሮቹ ሲበጠሱ ሰምቻለሁ። እንዲተነፍስ መስሎኝ ነበር። ጋቢ አልብሰው ባጃጁ ውስጥ አስገቡት። ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አልዩ አምባ ተቀበረ።

ዓርብ ህዳር 12 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አጎቴ ቤት ተጠራሁ። አቶ ኢስሀቅም ነበሩ። ጃፈር ለሰላምታ የመጣ እንግዳ ነበር እንደሚባል፣ እንግዳ ከሆነ መድኑ ለእናቱ እንደሚከፍል፣ ሠራተኛ ከሆነ ግን እናቱ ምንም እንደማታገኝ፣ ላቫጆው እንደሚዘጋና አጎቴም እንደሚታሰሩ አስረዱኝ። ከዚያ እንደ ፈተና ይጠይቁኝ ጀመር። ጃፈር እዚያ ምን ይሠራ ነበር ሲሉኝ መልሱ ጠፍቶብኝ አላውቅም አልኩ። አጎቴ «ጎበዝ፣ እሱኑ ነው የምትይው» አሉኝ። መምህር ሳሉ እንዲህ በቀላሉ ማርክ አይሰጡም ነበር ይባላል።

ቅዳሜ ጠዋት የመድን ድርጅቱ ሰው ላቫጆው መጣ። እኔ መስታወት እየወለወልኩ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ። አጎቴ የተስማሙበትን ነገሩት። ሰውየው ጻፈና «ሠራተኛ ካልሆነ ከመኪናው ሥር ምን ሊያደርግ ገባ?» አላቸው። ይህን ጥያቄ ቦርዱ አልተዘጋጀበትም ነበር። አጎቴ አቶ ኢስሀቅን አዩ። አቶ ኢስሀቅ መሬት አዩ። መጨረሻ ላይ አጎቴ «እንግዲህ የዘንድሮ ልጅ ምን እንደሚያስብ በምን ይታወቃል» አሉ። ከዚህ በላይ አልተናገሩም። እኩለ ቀን ሳይሆን ግን መናኸሪያው አካባቢ ያሉ ባጃጅ ነጂዎች ልጁ ከሥር የሚታሰረውን የሚኒባሱን ስኮርታ (መለዋወጫ) ጎማ ፈትቶ ሊሰርቅ ገብቶ እንደሞተ ይነጋገሩ ነበር። አቶ ኢስሀቅ ይህን ሲሰሙ አጠገባቸው ነበርኩ። ኮታቸውን ቆልፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እሑድ ህዳር 14 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ የጃፈር እህት ዙቤዳ ላቫጆው የቀረውን ልብሱን ልትወስድ ከአልዩ አምባ መጣች። ልብሱን አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ከትታ ስትጨርስ በር ላይ አቆመችኝ።

«ፀዲ፣ አንቺ እዚያው ነበርሽ። ወንድሜ ጎማ ሊሰርቅ ነው የሞተው?»

አላውቅም አልኳት። የተማርኩትን ነው ያልኩት። ዙቤዳ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ፌስታሉን አንስታ ሄደች።

ቱታው የት እንዳለ አስቀድሜ አውቅ ነበር ወይ ተብዬ ለተጠየቅኩት፣ ረቡዕ ማታ አጎቴ በፌስታል ቋጥረው ለእናቴ ሲሰጧትና እንድታቃጥለው ሲነግሯት ሰምቻለሁ። እናቴ የአጎቴ ታናሽ እህት ስትሆን የምንኖረውም በእሳቸው ግቢ ነው። በሕይወቷ አጎቴን እንቢ ስትል ሰምቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ተቃጥሏል ብዬ አስቤ ነበር። ዛሬ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ እናቴ ደጅ ወጣች ብዬ ካሰብኩ በኋላ አንድ አዝራር እንኳ ቢገኝ በማለት ምድጃውን በእንጨት ቆሰቆስኩ። ምንም የለም። ከዚያ የልብስ ሳጥኗን ከፈትኩ። ቱታው ከክት ቀሚሷ ሥር ነበር። አልታጠበም። እጅጌዎቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው፣ ጽሑፉ ወደ ላይ ሆኖ ተቀምጧል።

በትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ የግቢውን በር መቀርቀሪያ ስስብ ከኋላዬ ተጠራሁ። ቤት ውስጥ ሁሉም ፀዲ ነው የሚለኝ፤ ሙሉ ስሜ የሚወጣው የማይሆን ነገር ስሠራ ስያዝ ብቻ ነው። ዞር ስል እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ የውጭ ጫማዋን አድርጋ ቆማ ነበር።

«ፀደንያ» አለችኝ። «ቆይኝ፣ አብረን ነው የምንሄደው።»

ከዚህ በላይ ያለው ቃሌ ተነብቦልኝ አንድም ሳይቀር የኔ መሆኑን ሰምቼ አረጋግጫለሁ። እስከ ዛሬ ፈርሜም ሆነ ጽፌ የሰጠሁት ውሸት መስከረም 20 ቀን የጻፍኩት ዜሮ ነው፤ ይህ ግን እውነት ስለሆነ በፊርማዬ አጽንቼዋለሁ።

ምስክር፦ ፀደንያ ተስፋሚካኤል (ፊርማ)
አብራ የቀረበች እናት፦ ደመቀች ኪዳነ ማርያም (ፊርማ)
ቃሉን የተቀበለ፦ ሳጅን ኃይለ ገብርኤል ገብረአብ (ፊርማ)

ከቃሉ ጋር ገቢ የሆነ፦ ሰማያዊ የሥራ ቱታ አንድ፣ ጀርባው ላይ የድርጅቱ ስም ያለበት፣ ሦስት አዝራር የጎደለው።