ከኋላ የሚቆሙት ፓይለቶች

ሠላሳ ዓመት ከደመና በላይ የኖሩትን ካፒቴን ፊሮዝ ዳስቱርን፣ አንድ ጠዋት የሙምባይ ጎርፍ አንዴሪ ሰፈር ላይ ጉልበታቸው ድረስ ያዛቸው። ሻይ ቤት ሸራ ስር ሲገቡ ማንን ቢያገኙ ጥሩ ነው? ሳኒካ ጎርፓዴን! ረዳት ፓይለታቸው ሆና ስንቴ አብራቸው የበረረችው ልጅ፣ ጫማዋን አንጠልጥላ ቆማለች።

"አንክል! በእግርዎ?"

"ለታገደ ሰው የኩባንያ መኪና አይመጣም፣ ልጄ።"

እውነታቸውን ነው። ባለፈው ሳምንት "ደክሞኛል፣ በአንድ ቀን አራተኛ በረራ አልበርም" በማለታቸው ታግደዋል፤ ያውም ጡረታ ሊወጡ ዓመት ሲቀራቸው! ዛሬ ከሰዓት የፓይለቶቹ ማኅበር ይሰበሰባል። ፓይለቱ ሁሉ ሥራ ካላቆመላቸው፣ በቃ፣ ተባረዋል።

"ነገ አብራችሁን ሥራ ታቆማላችሁ አይደል?" አሏት ሻይ ስታዝላቸው።

"እኛ? የአዲሱ ደሞዝ ሰዎች? መዋጮ ስንከፍል አባል፣ እጅ ስናወጣ እንግዳ!"

"ምን ታካብጃለሽ! እኛም ስንጀምር ያልቀመስነው የለም።"

"እናንተ ስትጀምሩ ደሞዛችሁ እያደገ ካለቆቻችሁ ደሞዝ ይደርስ ነበር። የእኛን ግን ከስድስት ዓመት በፊት 'ግማሽ ይሁን' ብላችሁ ከኩባንያው ጋር ፈረማችሁ። አንድ ኮክፒት፣ አንድ ወጀብ፣ ሁለት ደሞዝ!"

"የፈረምነው የእኛን እንዳይነኩብን ነዋ።"

"ታዲያ አሁን እርስዎን አልነኩም?"

ካፒቴኑ የማይነኩ መስሏቸው ነበራ! በግማሽ ደሞዝ የሚበር ሰው ያገኘ ኩባንያ፣ ውዱን ለምን ያባብላል?

"ኒኪልን ያስታውሱታል?" አለች ሳኒካ። "የእኔ ባች ነበር። እሱም ደክሞኛል አለ። ማኅበሩ 'ሙሉ አባል ስላልሆነ አይመለከተንም' ብሎ ጻፈ። ፈርቶ በረረ። ሲመለስ ሞተር ሳይክሉ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ለሟች ቤት የምትልኩትን የአበባ ጉንጉን እንኳ በዚያው ደንብ ከለከላችሁት። እናቱ በር በሩን ስታይ ዋለች።"

ዳስቱር "ደንብ ነው" ሊሉ ነበር። ያኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ማን ሆነና!

"ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ሻይ ለምን ታዢልኛለሽ?"

"ሰው ሲበሰብስ ልይ እንዴ?"

ሻያቸው እንደሞላ ቀዘቀዘ።

ከሰዓት በስብሰባው ነባሮቹ ፊት ተቀምጠዋል፤ አዲሶቹ ከኋላ ግድግዳ ተደግፈዋል። ዳስቱር ተነሡ። "የእኔ ጉዳይ ይቆይ። መጀመሪያ ከኋላ ያሉት ድምፅ ይኑራቸው፤ ደሞዙም ለሁሉም አንድ ይሁን ብለን እንጠይቅ። የእኛ ጭማሪ ቢዘገይም ይዘግይ።"

"ሸጥከን፣ አንተ ሽማግሌ!" ብሎ ጮኸ የሠላሳ ዓመት ጓደኛቸው።

ነባሮቹ እጅ ሲያወጡ በአራት ድምፅ ብልጫ ብቻ አለፈ። በአራት!

በማግስቱ ነባሩም አዲሱም ሥራ አቁሞ አንድም አውሮፕላን አልተነሣም። በአምስተኛው ቀን ኩባንያው እገዳውን አነሣ፤ ደሞዙንም በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ሊያደርግ ፈረመ። አሁን ትናንት የተቀጠረ ልጅ "ደክሞኛል" ቢል፣ ስድስት መቶ ሰው ከጀርባው አለ፤ ተሳፋሪውም በነቃ ሰው እጅ ይበራል። ወንድምህን በርካሽ ካስቀጠርክ፣ አንተኑ የሚያስባርርህን ሰው በእጅህ አሠልጥነሃል ማለት ነው። ነገሩ ይኸው ነው።

ካፒቴኑ ግን ደስ ብሏቸው አያውቅም። "ስድስት ዓመት ዘገየሁ" ይላሉ። ሳኒካም አጠገባቸው ተቀምጣ፣ "የለም፣ አልዘገዩም" አትላቸውም።