የበቅሎዋ ድርሻ

ጎባ ገና የድንኳን ከተማ ሳለች፣ የሪራ ማር ጭኜ ከነጋዴ ቅፍለት ጋር ወደ ሼክ ሁሴን ስወርድ ነው። ለምሳ ባረፍንበት አንድ አዲስ ሰፋሪ ወታደርና ለዚያራ ወደ ሼኩ መቃብር የሚሄዱ አዛውንት፣ ወታደሩ እጁን ሊታጠብ የቅል ውሃ ሲያፈስ በነገር ተያያዙ።

«ኧረ ልጄ፣ ቅሉን ቀና አድርገው! የሚቀጥለው ጉድጓድ ነገ ነው!»

«ሳልታጠብ አልበላም፣ አባባ።»

«ታጠብ! መሬቱን ለምን ታጥባለህ?»

«እርስዎ በቀን አምስቴ ይታጠቡ የለም?»

«በእፍኝ ነዋ! ከሥር ደግሞ ገበቴ አለ።»

«ገበቴው ምን ሊሆን?»

«ለበቅሎዬ ማጠጫ! ያንተዋ በጥም ከወደቀች ጭነቱን ማን ሊሸከም ነው?»

«ኧረ ያውሱኝ!»

«እንካ። ቀስ እያልክ፣ በእፍኝ!»

«ጠጣች! አባባ፣ ጆሮዋን አቆመች!»

«ዋላሂ፣ ካንተ ቀድማ ገባት!»

እኔም እጄን ልታጠብ የከፈትኩትን ቅል ቀስ ብዬ ወተፍኩት።